የቁርጭምጭሚቱ ጥቁር መስመር

ናዲን ወሬዋን አቋረጠች።

እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ስለ ውሻዋ ስታወራ ነበር። ውሻዋ የጎረቤት ጫማ እየሰረቀ አልጋዋ ሥር ይደብቃል፤ ትናንት ደግሞ ጎረቤትየው አንድ እግር ጫማ ብቻ አድርጎ በሯ ላይ ቆሞ አፈጠጠባት። ካለም አልጋው ላይ በጀርባው ተኝቶ ይስቃል። ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀዝቃዛ ጄል ተቀብቷል፤ ናዲን የአልትራሳውንዱን መሣሪያ በጄሉ ላይ ቀስ እያለች ታንሸራትታለች። ከዚያ እጇ ቆመ። ትንሽ ወደ ኋላ መለሰችው፣ ጫን አደረገችው፣ እንደገና ቆመች። የውሻው ነገር እዚያው ላይ ቀረ።

ራናልድ ጥግ ካለው ወንበር ሆኖ ዝምታዋን ሰማ። ዕድሜውን በሐኪም ቤት ወንበር ላይ የጨረሰ ሰው ነው፤ ባለሙያ ጨዋታውን በመሐል ሲተው ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ከዘራውን በሁለት እጁ ጨበጠ።

“ምነው ናዲን?” አለች ሞራግ። የካለም እናት፣ የራናልድ ልጅ ናት። ከአልጋው ግርጌ ቆማለች፤ ጣቶቿ በምትሠራበት የሸርጣን ማሸጊያ ቤት በረዶ ቀልተው ተሰነጣጥቀዋል።

“አንዴ ቆዪኝ።”

“ዝም ስትዪ አልወድም።”

“እኔም ዝም ማለት አልወድም፤ ታውቂኝ የለ።” ናዲን ዓይኗን ከመሣሪያው ማያ ገጽ ላይ ሳታነሳ ጣቷን ከልጁ እግር ላይ አሳረፈች። “ካለም፣ እዚህ ጋ ያምሃል?”

“አያምም።”

“እዚህስ?”

“ምንም።”

“ሰሞኑን አብጦ፣ ወይም ሞቆህ ያውቃል? ውስጡ የሚፍለቀለቅ ዓይነት ነገርስ?”

“አይ” አለ ልጁ ጣሪያውን እያየ። ጣሪያውን ከማየቱ በፊት ግን ለቅጽበት አያቱን አይቶ ነበር። ያቺን እይታ ከራናልድ በቀር ያስተዋላት የለም።

አያትና የልጅ ልጅ በሽታቸው አንድ ነው። ሂሞፊሊያ ይባላል፤ ደማቸው እንደ ሌላው ሰው ደም ቶሎ አይረጋም። በሴት ልጅ በኩል የሚሻገር በሽታ ስለሆነ ሞራግ እሷ ሳትታመም ከአባቷ ተቀብላ ለልጇ አሳለፈችው። ሰው ሁሉ የሚፈራላቸው ቢላዋንና ምላጭን ነው። እነሱ የሚፈሩት ግን ማንም የማያየውን፣ በቁርጭምጭሚትና በጉልበት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚፈሰውን ደም ነው። ደሙ በፈሰሰ ቁጥር መገጣጠሚያውን እንደ ዝገት ይበላዋል።

ራናልድ ልጅ ሳለ መድኃኒት የሚባል ነገር አልነበረም። ኬፕ ብሬተን በሚባለው ደሴት ላይ፣ ባሕሩ ዳር ባለው ቤታቸው፣ እናቱ አልጋውን መስኮት ሥር አድርጋለት የሰፈር ልጆች ኩሬው በረዶ ሲሠራ ሲንሸራተቱ እያየ አደገ። ወንድሙ ሄክተርም እንደሱ ነበር። በኋላ መድኃኒቱ ሲመጣ ከሰው ደም የተሠራ ነበርና ለሄክተር የደረሰው የተበከለው ሆነ፤ ሊያድነው የገባው ገደለው። ራናልድ ተረፈ። የተረፈውም አንድ ጉልበቱ በብረት ተተክቶ፣ ቁርጭምጭሚቱ ደርቆ፣ ቀኝ ክንዱ ሙሉ በሙሉ አልዘረጋ ብሎት ነው። በዚያ በማይዘረጋ ክንድ ቫዮሊን ይጫወታል። መምቻውን በአጭር በአጭሩ ስለሚመታው የደሴቱ ሰው “የራናልድ ስልት” ይለዋል። ስልት አይደለም፤ ክንዱ ከዚያ በላይ አልሄድ ስላለው ነው።

ካለም ግን በደህናው ዘመን ተወለደ። አሁን መድኃኒቱ ከደም አይሠራም፤ በየሁለት ቀኑ አንድ መርፌ በደም ሥሩ ይገባና ልጁ እንደ ማንም ልጅ ይሮጣል፣ ይዋኛል። ይጨፍራልም። የእነሱ አገር ጭፈራ ከወገብ በላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ በእግር ብቻ ወለሉን መቀጥቀጥ ነው፤ ካለም ሲጨፍር ሽማግሌዎቹ ወሬ ያቆማሉ። የፊታችን ቅዳሜ በደብሩ አዳራሽ፣ አያቱ እየተጫወተለት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን መድረክ ላይ ሊወጣ ነው።

ናዲን ማያውን ወደ ሞራግ አዞረችው።

“ይህ ነጩ መስመር አጥንቱ ነው። ከላዩ ያለው ጥቁር መስመር ታየሽ? ልም አጥንቱ ነው፤ አጥንትና አጥንት እንዳይፋጩ መሐላቸው እንደ ትራስ የሚሆነው። እዚህ ደህና ነው፤ እኩል ነው። እዚህ ጥግ ላይ ስንደርስ ግን፣ እይ፣ ሳስቷል። ይህ ግራጫው ደግሞ የመገጣጠሚያው የውስጥ ሽፋን ነው። እንዲህ መወፈር አልነበረበትም።”

“ምንድን ነው የሚያወፍረው?”

“ደም።”

“ደም አልፈሰሰውም እኮ። ዘንድሮ አንዴም አልደማም።” ሞራግ ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበረበት፤ ዓመቱን ሙሉ ተጠንቅቃ ያገኘችው ኩራት ነው። “ቢደማ አላውቅም ነበር?”

“ሳያሳይ የሚደማ አለ ሞራግ። ልጁ እየሳቀ እየሮጠ ውስጡ ይጎዳል። እኛስ በዚህ መሣሪያ የምናየው ለዚሁ አይደል።” ናዲን ጄሉን በወረቀት መጥረግ ጀመረች። “ለዶክተሯ ልንገራት። ውስጡን አጥርቶ የሚያሳየው ኤም አር አይ ጋ ዛሬ አንድ ልጅ ከቀጠሮው ቀርቷል፤ ካለምን በሱ ቦታ አስገባዋለሁ።”

ካለም በዚያ ጠባብ መሣሪያ ውስጥ ገብቶ ሳለ አባትና ልጅ ኮሪደር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከግድግዳው ማዶ የመሣሪያው መዶሻ ይሰማል። ሞራግ ጉልበቷን እያሻሸች፣ “የቱ ጋ ነው የሳትኩት?” አለች። ለሱ ይሁን ለራሷ አልታወቀም።

ራናልድ የቱ ጋ እንደሆነ ያውቃል።

የሸርጣኑ ወቅት ከገባ ጀምሮ ሞራግ ጎህ ሳይቀድ ነበር ወደ ሥራ የምትወጣው፤ መርፌው የራናልድ ኃላፊነት ሆነ። አንድ ጠዋት የልጁ ክንድ ከመርፌው ብዛት በልዞ ነበር። “ዛሬን ተወኝ አባባ፤ ያመኛል” አለው። ራናልድ የበለዘውን ክንድ አየና መርፌውን ወደ ፍሪጅ መለሰው። አንዴ ከተለመነ በኋላ ሁለተኛው ልመና ቀለለ፤ ሦስተኛውም እንዲሁ። ከዚያ አንድ ቀን ከጭፈራ ልምምድ በኋላ ካለምን ደረጃው ላይ ተቀምጦ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ አገኘው። “ውስጡ ይፍለቀለቃል” አለው። ራናልድ ያቺን ቃል ያውቃታል። እሱም በስድስት ዓመቱ ለእናቱ የነገራት በዚሁ ቃል ነበር። በረዶ በፎጣ ጠቅልሎ አሠረለት፣ መርፌውንም ያኔውኑ ወጋው። ካለም ለእናቱ እንዳይነግራት ሲያስምለው ግን እሺ አለ። እብጠቱ በቀናት ውስጥ ጠፋ። አለፈ ብሎ አሰበ፤ ማሰብ ስለፈለገ።

ዶክተር ሃይንስ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ሁሉንም ወደ ናዲን ክፍል ሰብስባ ሥዕሉን ከፈተች።

“ነገሩ እንደጠረጠርነው ነው” አለች። “አሮጌ ደም ብረት ይተዋል፤ ይህ ጠቆር ያለው እሱ ነው። ልም አጥንቱ በጥጉ ተልጧል። አጥንቱ ገና አልተነካም፤ ጊዜ አለን ማለት ነው። አሁን አንድ ነገር በትክክል ማወቅ እፈልጋለሁ። መርፌው ተዘልሎ ያውቃል?”

“አንድም ቀን” አለች ሞራግ።

“እርግጠኛ ነሽ?”

“እኔ ወይ አባዬ ነን የምንወጋው። አንድም ቀን።”

ዶክተሯ ራሷን ነቀነቀች። “እንግዲያውስ መድኃኒቱ እየያዘው አይደለም ማለት ነው። በየቀኑ ልናደርገው ነው። የደም ሥሮቹ ደግሞ ያንን አይችሉም፤ ስለዚህ ደረቱ ላይ ከቆዳው ሥር የመድኃኒት መግቢያ እናስተክላለን። በቀዶ ሕክምና ነው። የሚመጣው ሳምንት ላይ ቦታ እፈልጋለሁ።”

ሞራግ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። በነሱ ቤት ቀዶ ሕክምና ማለት ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ካለም አልጋው ጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ከንፈሩ ነጥቶ፣ ወደ ራናልድ ተመለከተ። ራሱን በጣም በትንሹ ወዘወዘ፤ አትናገር ማለቱ ነው።

“መድኃኒቱ አይደለም” አለ ራናልድ።

ሁሉም ወደሱ ዞሩ።

“መርፌው ተዘልሏል። እኔ ነኝ የዘለልኩት። በልምምድ ሰሞን አንዴ አብጦበትም ነበር፤ አውቃለሁ።”

ሞራግ አልጮኸችም። ብትጮህበት ይሻለኝ ነበር እስኪል ድረስ ዝግ ባለ ድምፅ፣ “ስንት ጊዜ?” አለች።

“አራት። አምስትም ይሆናል።”

“እኔ እዚያ ሸርጣን ስፈለቅቅ?”

“ክንዱ በልዞ ነበር። ለመነኝ።”

“ልጅ ይለምናል አባዬ። የልጅ ሥራው መለመን ነው። ያንተ ሥራ ምን ነበር?”

“ቃል ገብተህልኝ ነበር” አለ ካለም። ዓይኑ ሞልቷል። “ምለህልኛል።”

“ምያለሁ።”

“ታዲያ?”

“ታዲያማ ደረትህን ሊከፍቱህ ነው። በኔ መሐላ።” ራናልድ ወደ ልጁ ሳይሆን ወደ ሞራግ ዞረ። “እኔ መስኮት ላይ ያደግሁ ሰው ነኝ። አንዲት በጋ እንኳ የሰጠኝ የለም። ለሱ አንዷን ልስጠው አልኩ። እንዲህ ነው ያሰብኩት።”

“እና ወደዚያው መስኮት ልትመልሰው?” አለች ሞራግ።



ዶክተሯ ጉሮሮዋን ጠረገች። “አቶ ራናልድ፣ እንኳን ነገሩኝ። ነገሩ ተለወጠ። መድኃኒቱ ከሠራ ቀዶ ሕክምናው አያስፈልግም። መርፌው ሳይዘለል ይቀጥላል፤ እግሩ ያርፋል። በየጊዜው በአልትራሳውንድ እናየዋለን። የወፈረው ሽፋን ከሳሳ ደህና፤ ካልሳሳ ያኔ እንነጋገራለን። ካለም፣ እስከ መስከረም ጭፈራ የለም።”

“ቅዳሜስ?”

“ቅዳሜም የለም።”

“አያመኝም እኮ።” ልጁ ከአልጋው ወርዶ ባዶ እግሩን ወለሉ ላይ መታው፤ ፈጣን፣ ንጹሕ ምት ነበር። “ይኸው። አያመኝም። እግሩ የኔ ነው። ሥዕል አይታችሁ ነው እንጂ እኔ ምንም አልሆንኩም።”

“ካለም፣ ቁጭ በል” አለች ሞራግ።

“አልቀመጥም። ቅዳሜ እጨፍራለሁ። ብትዘጉብኝም በመስኮት እወጣለሁ።”

ናዲን ለማባበል ጀመረች፤ ዶክተሯ ስለ ዕድሜና ስለ ወደፊት ተናገረች። ልጁ አንዱንም አልሰማም። አሥራ ሁለት ዓመት ለሆነው ልጅ “ወደፊት” ማለት ቅዳሜ ናት። የማያመው እግር እንደተጎዳ በምን ታሳምነዋለህ? ራናልድ ይህን እያሰበ ጎንበስ አለና የግራ ጫማውን ክር መፍታት ያዘ። ጣቶቹ ለክር አይታዘዙም፤ ጊዜ ወሰደበት። ካልሲውን አወለቀ። ቁርጭምጭሚቱ እንደ ደረቀ ግንድ ወፍራምና ቀጥ ያለ ነው።

“ናዲን፣ ያቺን መሣሪያ እኔም ላይ ታደርጊልኛለሽ?”

ናዲን ዶክተሯን አየች።

“እዚህ የምናየው ልጆችን ነው አቶ ራናልድ” አለች ዶክተሯ።

“እኔም ልጅነቴን አልጨረስኩም።”

ናዲን ሳቋ አመለጣት፤ ዶክተሯ እጇን ወደ አልጋው ዘረጋች። ራናልድ ካለም በተኛበት ተኛ። ጄሉ ሲነካው ተንቀጠቀጠ። ማያው ላይ ነጭ፣ የተቦጫጨቀ፣ ዳር እስከ ዳር የተያያዘ ነገር ወጣ። ናዲን መሣሪያውን ወዲያና ወዲህ አደረገችው፤ ሥዕሉ አልተለወጠም።

“ቅረብ” አለው ራናልድ ለልጁ።

ካለም አኩርፎ ቆሞ ነበር። ግን ልጅ ነውና ማየት ፈልጎ ቀረበ።

“ጥቁሩ መስመር የታለ?” አለ ካለም ናዲንን።

ራናልድ መለሰለት፤ “የለም።”

“እንዴት የለም?”

“ደሙ በላው። በመጀመሪያ እንዳንተ ጥጉን ብቻ ነበር። እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ያኔ የሚያሳይ መሣሪያ አልነበረም። እናቴ እብጠቱ ሲወርድ ዳነ ትል ነበር። እኔም ዳንኩ እል ነበር። ተነሥቼ እሮጣለሁ፤ እንደገና ይፍለቀለቃል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሁለቱ አጥንቶች ተገናኙና አንድ ሆኑ።”

ካለም ጣቱን ማያው ላይ ሊያሳርፍ ብሎ መለሰው።

“ያምሃል?”

“አሁን? ምንም አያመኝም። የሚያመው ነገር ራሱ አለቀ።”

ልጁ ማያውን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ሄዶ አልጋው ጥግ የወደቀውን ካልሲውን አነሣና ማድረግ ጀመረ፤ ቀኝ እግሩን ከግራው ይልቅ ቀስ እያለ። ስለ ቅዳሜ ሁለተኛ አልተናገረም።

በዕለቱ ደሙም ሊመረመር ስለነበር ካለም የጠዋቱን መርፌ አልተወጋም ነበር። ናዲን እዚሁ ልውጋው ስትል ሞራግ፣ “ቤት ስንገባ እኔ ራሴ እወጋዋለሁ” ብላ የመድኃኒቱን ሳጥን በእጇ ይዛ ወጣች። ሆስፒታሉ ካለበት ከሃሊፋክስ ከተማ እስከ ቤታቸው ግማሽ ቀን የሚወስድ መንገድ ነው። ሞራግ ነዳች፤ ራናልድ ከጎኗ፣ ካለም ከኋላ። ዝናቡ ያካፋል። ሞራግ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረችው ከተማው ከኋላቸው ከቀረ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

“ከነገ ጀምሮ ከመውጣቴ በፊት ቀስቅሼ እኔ ነኝ የምወጋው።”

“እሺ።”

“ሸርጣኑ ይጠብቀኝ።”

“እሺ ልጄ።”

“ልጄ አትበለኝ ዛሬ።”

ራናልድ ወደ መስኮቱ ዞረ። ዛፎቹ ጭጋጉ ውስጥ እየገቡ ይወጣሉ። በዕድሜው ብዙ ተወግቷል፤ ይቺ ግን መርፌዋ የማይነቀል ዓይነት ናት። ተከራክሮ ሊያወጣት አልሞከረም።

ወደ ደሴታቸው የሚያሻግረው መንገድ አፍ ላይ ካለው ነዳጅ ማደያ ቆሙ። ሞራግ ነዳጁን ቀድታ ለመክፈል ወደ ሱቁ ገባች። ዝናቡ የመኪናውን ጣሪያ ይመታል።

“አባባ” አለ ካለም ከኋላ። ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ ያወጣው የመጀመሪያው ቃል ነበር።

“አቤት።”

“ጉልበቴ። የግራው።”

ራናልድ አልዞረም።

“ምን ሆነ?”

“እንደዚያኛው እያለኝ ነው። ውስጡ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“የሆስፒታሉን ደረጃ ስንወርድ ተደናቅፌ ነበር። ትንሽ ነው። ምናልባት ቤት ስንደርስ ይተወኛል። አሁን ከነገርናት መኪናውን አዙራ መልሳ ትወስደኛለች።”

ራናልድ በመስተዋቱ በኩል ልጁን አየው። ልጁ ዝም በልልኝ አላለውም፤ ተናገርልኝም አላለውም። ዝም ብሎ ይጠብቃል። በሱቁ መስታወት ውስጥ ሞራግ ትታያለች፤ ባንኮኒው ላይ ክርኗን አስደግፋ፣ ግንባሯን መዳፏ ላይ ጥላለች። ከጠዋት ጀምሮ ያረፈችው አሁን ነው። ቤታቸው ደግሞ ሩቅ አይደለም። ዝም ቢል፣ እዚያ ሲደርሱ ሞራግ ነገሩን ሳታውቅ የዕለቱን መርፌ ትወጋው ነበር፤ ምናልባትም ጉልበቱ ይረጋጋ ነበር። ራናልድም በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ክፉ ወሬ ነጋሪ ከመሆን ይተርፍ ነበር።

የማይዘረጋውን ክንዱን እስከሄደለት ድረስ ወደ መሪው አሻግሮ ዘረጋው፤ አልደረሰም። ቀበቶውን ፈታ፣ በጎኑ ተንጋደደና የመኪናውን ጡሩምባ ተጫነ።

ሞራግ ቀና አለች። ደግሞ ተጫነ፤ እስክትሮጥ ድረስ እጁን አላነሣም። ከዚያ የመድኃኒቱን ሳጥን ከእግሩ ሥር ስቦ ጭኑ ላይ አወጣ። ዞር ብሎ ሲያይ ካለም እጅጌውን ወደ ላይ እየጠቀለለ ነበር።